ክንድ ላይ የማይነበብ ክትባት

የአገራችንን የወረርሽኝ ታሪክ የሚያጠና ሰው ፈንጣጣን ፍለጋ ብዙ አይደክምም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ የእቴጌ ምንትዋብን የቁስቋም ቤተ መንግሥት በፈንጣጣ ተጨንቆ አገኘው። የመሳፍንቱን ልጆች እንዲያክም ሲጠራ በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ቤቱንም በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ።

ኩፍኝ ግን በጽሑፍ ምንጮቻችን እምብዛም ጎልቶ አይታይም። ፋርሳዊው ሐኪም አልራዚ ሁለቱን በሽታዎች ለይቶ ከጻፈ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቢሆንም ኩፍኝ እንደ ፈንጣጣ ፊትን አያጎደጉድም። ሕፃኑን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ በኩል ስለሆነ ሞቱ በሌላ ስም ይቆጠራል። ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ሕመም ደግሞ ለጸሐፊ ወሬ አይሆንም።

ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ፣ ነሐሴ 1968 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ የመጨረሻ ታማሚ ባሌ ውስጥ ተገኘች። ሕዝቡ ለክትባት ባዳ አልነበረም፤ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ የደጋ አገር ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የቆየ ሙያ ነበር። ዘመቻውን ያገዙት ግን የበሽታውና የክትባቱ ጠባይ ይመስሉኛል። ክትባቱ ደረቅና ሙቀት የሚችል ስለነበር በበቅሎም በእግርም ይጓዛል። ታማሚው በፊቱ ይለያል፤ የተከተበውም ክንዱን ገልጦ ጠባሳውን ያሳያል።

ኩፍኝ በዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚያስል፣ አፍንጫው የሚፈስና ዓይኑ የቀላ ጉንፋናም ብቻ ነው የሚመስለው። ቫይረሱ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። በአዊ እንዳለው ዘንገና ባለ ብርዳም ደጋ፣ ክረምት ገብቶ ቤት ሲዘጋና ልጆች እሳት ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ አንዱ የያዘው ለሁሉም ይደርሳል። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሕፃናት 95ቱ ሁለቴ መከተብ አለባቸው።

አገር አቀፉ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ግቡ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁሉንም ሕፃናት ማዳረስ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 27 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2008 ቁጥሩ 54፣ በ2011 ደግሞ 59 በመቶ አካባቢ ደረሰ።

መጓተቱን በጤና ኬላ ጠረጴዛ ላይ ማየት ይቻላል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ በበረዶ በታጨቀ ሣጥን ይመጣል። ዱቄቱ በራሱ ማሟሚያ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጆች የሚበቃ ከሆነና የመጣችው አንዲት እናት ብቻ ከሆነች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የዘጠኙን ልትጥል ነው ወይስ እናቲቱን «በቀጠሮ ቀን ነይ» ልትል? መመሪያው ለአንድም ልጅ ክፈቺ ይላል፤ የመድኃኒት እጥረት የሚያሳስባት ሠራተኛ ግን ታመነታለች። ሩቅ መንገድ የመጣችዋ እናት ደግሞ ላትመለስ ትችላለች።

በ9 ወር የሚሰጠው መርፌ ከእናት የወረሰው መከላከያ ገና ባልጠፋበት ሕፃን ላይ ላይሠራ ይችላል። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት በየካቲት 2011 ዓ.ም. የተጨመረው ለዚህ ነው።

በብዙ የአገራችን ክፍል ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ከብርሃንና ከነፋስ ከልሎ ማስተኛት፣ መርፌም እንዳይነካው መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱን በጅምላ የሚነቅፉ ጽሑፎች አያሳምኑኝም። ታማሚውን ከሌሎች ልጆች መለየት ትክክል ነው፤ ጨለማውም ብርሃን ለሚወጋው ዓይን ያሳርፋል። ጥፋቱ የሚመጣው ትንፋሹ ሲፈጥን፣ መጥባት ወይም መብላት ሲያቅተው፣ ወይም የዓይኑ ብሌን ሲደበዝዝም በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ግን፣ ዓመት ለሞላው 200,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር ላለው 100,000 ዩኒት ሁለት ቀን በተከታታይ፣ የዕውርነትንና የሞትን አደጋ ይቀንሳል።

ረኀብ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን በ1992 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የተደረገው ጥናት መዝግቦታል። ከሞቱት 159 ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 35ቱን የገደለው ኩፍኝ፣ ብቻውን ወይም ከምግብ እጥረት ጋር፣ ነበር። የክትባት ዘመቻው የተጀመረው ዘግይቶ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ መርፌ ያመለጣቸው ሕፃናት ከዓመት ዓመት ይደራረባሉ። ክንዳቸው ላይ የሚነበብ ምልክት ስለሌለ መዝገቡ ካርዱ ነው፤ ካርድ ደግሞ ከቤት ንብረት ጋር ይጠፋል። ዘመቻ ሲመጣ ቀድሞ የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ የሚከተበው ለዚህ ነው፤ ተጨማሪው መርፌ ጉዳት የለውም።