የጉና አየርና የቤታችን አየር



ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከደብረ ታቦር ደወለልኝ። የተከራያት ክፍል ግድግዳ ከአልጋው ኋላ ጥቁር ሻጋታ አውጥቷል። የሁለት ዓመት ልጁን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሳል ያፍናታል። «ጋሼ፣ ጉና ሥር ተቀምጠን እንዴት አየር ይጎዳናል? የደጋ አየር መድኃኒት ነው ብለው አልነበር ያስተማሩን?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ዛሬ ያን ትምህርት ላርመው።

የደጋው ዝና ያለምክንያት አልመጣም። የፎገራን ሜዳ ወባ ሸሽቶ ሽቅብ መውጣት የአገሬው ሰው የቆየ ብልሃት ነው። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጣና ዳር ቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ ንጉሡን እንደመከራቸው ጽፏል። ሰፈሩም ወደ ጋፋትና ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያለ በሽታ ከረግረግ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ኋላ ኮሌራ በተበከለ ውኃ፣ ወባም በትንኝ እንደሚተላለፍ ታወቀ።

እኛ ግን ቆላ ያማል፣ ደጋ ያድናል እንዳልን ቀረን። ከደጃፍ ውጭ ያለውን አየር ስናመሰግን ከደጃፍ ውስጥ ያለውን ረሳነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የምንተነፍሰው ደግሞ በአብዛኛው የውስጡን ነው።

የአያቶቻችንን ጎጆ አስታውሱ። እሳቱ ምድጃ ላይ ይነዳል፣ ጢሱ በሣር ክዳኑ መሐል እየሾለከ ይወጣል። ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩን ያባርራል፣ ጣሪያውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ቤቱ ደረቅ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን እናቶቻችን ናቸው፤ በዓይናቸውም በሳንባቸውም። ስለዚህ ድሮ ይሻል ነበር ልል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጢስ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ይገምታል።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን አለበሰ። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በከተማችን ሲያልፍ ደግሞ ቆርቆሮም ሲሚንቶም ማምጣት ቀለለ። ዝናቡን ቻለልን፣ እሰየው! ነገር ግን ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የትንፋሻችንና የድስታችን እንፋሎት ወጥቶ እሱ ላይ ውኃ ይሆናል። «ቆርቆሮው አላበው» የምንለው ይሄንን ነው። ኮርኒሱ ያንን ይጠጣል። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት ቀስ እያለ ይተነፍሰው ነበር፤ በሲሚንቶ ስንለስነው እዚያው ታፍኖ ቀረ። ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ለሻጋታ ቀለቡ ነው። በዚያ ላይ ብርድ ስለሆነ መስኮት እንዘጋለን።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የምናደርገው ነው፤ ቤቱ ይሙቅ፣ እርጥበቱም ይድረቅ ብለን ከሰል አስገብተን እንተኛለን። ፍሙ ሲቀላ ጢሱ ስለሚጠፋ ያለቀለት ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ይወስደዋል።

ለተማሪዬ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። ከሰል ማደሪያ ክፍል ውስጥ አይደር። ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን፣ በርና መስኮት ይከፈት። አልጋና ቁምሣጥን ከግድግዳ ክንድ ያህል ይራቁ። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣ። ሻጋታውን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፤ በረኪና ከተጠቀማችሁ ከሌላ ነገር ጋር አትቀላቅሉት። ውኃው የሚመጣበት ካልተዘጋ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገን። ይሄ የተከራይ ብቻ ሥራ አይደለም፤ አከራዮች ሆይ፣ ለእናንተም ነው።

ተማሪዬ አልጋውን ስቦ ያየውን ፎቶ ልኮልኛል። የልጅቱ ትራስ የነበረው ልክ እዚያው ጥቁሩ ላይ ነው። እናንተም ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት አልጋችሁን ሳብ አድርጉና እዩ።