የቦውሊንግ ኳስ ፍተሻ

የቦውሊንግ ኳስ ፍተሻ አዲስ ኳስ በመጫወቻው መም ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ የት እንደሚታጠፍና ፒኖቹን እንዴት እንደሚመታ በሙከራ የመለየት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ሩር በቆልማማ ዱላ ይመታል፤ የቦውሊንግ ኳስ ግን ጣቶች በሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ተይዞ በእጅ ይንከባለላል። በመሆኑም የኳሱ ጠባይ ከተጫዋቹ አወራወርና በመሙ ላይ ከተቀባው ዘይት ተነጥሎ አይታይም።

መሙ

ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ያለው ርቀት 18.29 ሜትር፣ የመሙ ስፋት ደግሞ 1.05 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 12 ሜትር ገደማ ዘይት ይቀባሉ፤ የቀረው ደረቅ ነው። ኳሱ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ሳይንሸራተት ይንከባለላል።

ኳሱ

የኳሱ ክብደት ከ7.26 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ጠባዩን በዋናነት የሚወስኑት የውጭ ሽፋኑና በውስጡ ያለው እምብርት ናቸው። ከፖሊስተር የተሠራ ሽፋን ብዙም ስለማይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ሪአክቲቭ ሬዚን ግን ደረቁን መም አጥብቆ ስለሚይዝ በኃይል ይታጠፋል። ሽፋኑ በሻካራ ወረቀት ሲፋቅ ቀድሞ፣ ሲወለወል ዘግይቶ መታጠፍ ይጀምራል።

አፈታተሽ

ፍተሻው አዲስ ዘይት በተቀባ መም ላይ ቢጀመር ይመረጣል። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ጠባዩን በሚያውቀው ኳስ ይወረውራል፤ ቀጥሎም በተመሳሳይ ፍጥነትና በዚያው ምልክት ላይ አዲሱን ይሞክራል። ጨዋታው ሲቀጥል ዘይቱ ስለሚሳሳና ቦታ ስለሚቀይር፣ ሁለቱን ኳሶች በተለያየ ሰዓት ማወዳደር ያሳስታል። ኳሱ ሲመለስ በላዩ ላይ የሚታዩት የዘይት ቀለበቶችም መረጃ ይሰጣሉ፤ ተራርቀው ከታዩ የመሽከርከሪያው ዘንግ በጉዞው ላይ ብዙ ተዛውሯል ማለት ነው።

ውጤቱን መረዳት

የወደቁት ፒኖች ቁጥር ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። በቀኝ እጅ ተጫዋች ትክክለኛ ምት ኳሱ ራሱ የሚነካው 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 9ኛውን ፒን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የሚጥሏቸው ፒኖቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ነው። ኳሱ ቀድሞ ታጥፎ ጉልበቱን ከጨረሰ፣ ቦታውን ቢያገኝም በፒኖቹ ተገፍቶ አቅጣጫውን ይስታል፤ 10ኛው ፒንም ብዙ ጊዜ ቆሞ ይቀራል። ዘግይቶ ከታጠፈ ደግሞ ወደ 1ኛውና 3ኛው ፒን መካከል ሳይገባ ያልፋል። ሁለቱም ኳሱ መጥፎ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆኑም፤ የተጫዋቹን አቋቋም ወይም የሽፋኑን ልስላሴ መቀየር ሊያስተካክላቸው ይችላል።

ሪአክቲቭ ሬዚን ዘይት ስለሚመጥ ከጊዜ በኋላ የመታጠፍ ኃይሉ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን የተገኘው ውጤት እንዲቆይ ኳሱ ከጨዋታ በኋላ መጽዳት አለበት።