የእጅ እልፊት

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የክስ ነገር ሲነሳ «በባትሪ ተከሰሰ» ማለት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። አሁን ቃሉ ወደ ጽሑፍም እየገባ ስለሆነ ዝም ሊባል አይገባም። በእንግሊዝኛ ሰውን ያለ ፈቃዱ የመንካት ወይም የመምታት ወንጀል ስም (battery) ነው፤ ባትሪ ለእኛ ግን የእጅ መብራት ነው፤ ስለ ወንጀሉ ለአማርኛ አንባቢ የሚነግረው አንዳች ነገር የለም።

ይህን ያዩ አስተርጓሚዎች «ድብደባ» ይላሉ። ከባትሪው ይሻላል፤ ግን ያሳስታል። «ደበደበ» ፊደሎቹን ራሱ የሚደጋግም ግስ ነው፤ የዱላውን መመላለስ በድምፁ ያሰማል። አንዴ የገፈተረን ሰው ደበደበ አንለውም። የጆርጂያ ግዛት ሕግ ግን ለመጀመሪያው እርከን ሰውን በሚያዋርድ ወይም በሚተነኩስ አኳኋን ሆን ብሎ መንካት ይበቃዋል። ዓይን ከጠቆረ፣ ከንፈር ካበጠ ሁለተኛው እርከን ይመጣል፤ አካል ከጎደለ ደግሞ እስከ 20 ዓመት የሚያሳስረው ከባዱ። እንግዲህ ገፍትሮ ብቻ የተከሰሰ ሰው «ደብድበሃል?» ሲባል «ኧረ በፍጹም!» ቢል አልዋሸም። የተከሰሰበትን ግን አልሰማም።

«ጥቃት»ስ? ከጦር ሜዳ እስከ ኮምፒውተር ዘረፋ የሚሸከም ሰፊ ቃል ነው። ለሜሪላንድ ግን ይስማማል፤ ያ ግዛት እ.አ.አ. በ1996 መንካቱን፣ ለመምታት መሞከሩንና ማስፈራራቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ከፍሎታል።

መንካቱ ለብቻው ሲቆም የእኔ ምርጫ «የእጅ እልፊት» ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 560 የአካል ጉዳት ሳያደርስ በሌላው ላይ እጁን የሚሰነዝረውን የሚቀጣው በዚሁ ስም ነው። ሥሩ «አለፈ» ነው። የሰው ገላ ድንበር አለው፤ እጅ ያን ድንበር አልፎ ሲገኝ፣ ቁስል ኖረም አልኖረም፣ በደሉ ተፈጽሟል። ይህን ያህል ነገር በሁለት ቃል የያዘ ቋንቋ ምን አጥቶ ይበደራል?

በዱላ ወይም በድንጋይ የመታስ የሚል አይጠፋም። አማርኛ «እጁ አለበት» ሲል ጣቱን ያላነሳውንም ይጨምራልና ቃሉ አይጠብም። ሌላው ሙግት ይከብዳል፦ በእኛ ሕግ ጉዳት ሲከተል ስሙ ወደ «አካል ጉዳት» ይለወጣል፤ በጆርጂያ ግን ስሙ ያው ሆኖ እርከኑ ይጨምራል። ስለዚህ የጆርጂያዎቹን «ቀላል የእጅ እልፊት»፣ «የእጅ እልፊት» እና «ከባድ የእጅ እልፊት» እንበላቸው፤ የሜሪላንዱ «የሁለተኛ ደረጃ ጥቃት» ይባል።