«ምስለ ባቡር»፦ ስለ አንድ ስያሜ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት በአንድ ጌም ቤት ግድግዳ ላይ፣ የእግር ኳሱና የመኪና እሽቅድምድሙ ስም ከነዋጋው በእጅ ተጽፎ በተለጠፈበት ወረቀት መጨረሻ፣ «የእንፋሎት ባቡር አስመሳይ» የሚል መስመር ባየሁ ጊዜ፣ ጸሐፊው ቃሉን ከልቡ አፍልቆ ሳይሆን የስልኩ መተርጐሚያ የሰጠውን ገልብጦ እንደ ሆነ ወዲያው ብረዳም፣ ቅሬታው ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም። አስመሳይ በአማርኛ ማን እንደ ሆነ ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ሳያዝን በለቅሶ ቤት ደረቱን የሚደቃ፣ ሳይጾም ከንፈሩን አድርቆ የሚታይ፣ ሳይወድ ወዳጅ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ስሙ ይህ ነው። ይህን የነውር ስም ብዙ ዕውቀትና ብዙ ድካም በፈሰሰበት ሥራ ላይ መለጠፍ ሠሪውንም፣ ተጫዋቹንም፣ ቋንቋውንም መበደል ነው፤ በደሉም በአንድ ወረቀት ላይ ቢቀር ዝም ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን «የአውቶቡስ አስመሳይ»፣ «የበረራ አስመሳይ» እየተባለ በየስልኩ ሲባዛ ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በዚህ ስም የተጠራውን፣ ሲሙሌሽን የሚባለውን ነገር አንባቢ በከፊል ስለሚያውቀው ብዙ አላትትም። የአንድን ነገር መልክ ብቻ ሳይሆን ጠባዩንና ሕጉን፣ ይኸውም ምን ሲደረግበት ምን እንደሚሆን፣ በሒሳብ ቀምሮ በኮምፒዩተር ውስጥ ማንቀሳቀስ ነው። በዚያ ጌም ቤት የሚጫወቱት ዲሬይል ቫሊ የተባለውን፣ አልትፊውቸር የተሰኘ ድርጅት ገና ሳይጠናቀቅ በጥር 2011 ዓ.ም ለገበያ አቅርቦት በ2015 ዓ.ም «ሲሙሌተር» በሚል ስም በሰፊው ያደሰውን ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የድንጋይ ከሰሉን በአካፋ ወደ እሳቱ ይጨምራል፤ የውኃውን ልክ በመስተዋት ቱቦው ይመለከታል፤ ውኃው ከእሳት ማንደጃው ጣሪያ በታች የወረደ እንደ ሆነ፣ የሚያቀዘቅዘውን ያጣው ብረት ግሎ ይለሰልስና ቦይለሩ ይፈነዳል። ይህ ሕግ በእውነተኛው ባቡር ላይ የብዙ ነጂዎችንና እሳት አንዳጆችን ሕይወት የቀጠፈ ነው።

ለክርክሬ ዋናውን ማስረጃ ያገኘሁት ከተጫዋቾቹ አንደበት ነው። ጨዋታውን በላፕቶፑ ይዞ የመጣው፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሰ የጎረቤቴ ልጅ ነበር፤ ጓደኞቹም ከብበውት ስለ ጨዋታው ጠባይ ሲሟገቱ ቁጭ ብዬ አዳመጥኋቸው። አንደኛው፣ «አንድ ሰዓት ሙሉ ከሰል ስጨምር ውዬ ጨዋታ ነው አትበሉኝ፤ ይኼ የቀን ሥራ ነው» ብሎ አማረረ። ሁለተኛው፣ «ደስታውስ እሱ አይደል? ዳገት መሐል እንፋሎት አልቆብህ ብትቆም ጥፋቱ የራስህ ነው፤ ማንንም አታማ» ሲል መለሰለት። በዚህ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ እንደ ሌሎቹ አያስመስልም፤ የምሩን ነው» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም በስልክ ስለሚጫወቱት ስለ ሌላ የባቡር ጨዋታ ሲጠየቅ፣ «የዚያኛው ፍሬን ዝም ብሎ ያስመስላል፤ ሃያ ፉርጎ ጎትተህ እንደ ብስክሌት ቀጥ ይላል» ብሎ ፈረደበት።

እነሆ፣ ይህን የሰማ ሰው ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም። በተጫዋቾቹ ልሳን ማስመሰል ማለት የሥራው ጉድለት ነው፤ ጨዋታው ሕጉን ትቶ መልኩን ብቻ ሲያሳይ «አስመሰለ» ይባላል፤ ሕጉን ጠብቆ ሲገኝ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና «አያስመስልም» የሚለው ነው። እንግዲህ ይህን ነገር «አስመሳይ» ብሎ የሰየመ ሰው፣ ነገሩን ድንቅ ባደረገው ሥራ ሳይሆን ባበላሸው ነውር ጠርቶታል ማለት ነው፤ «ይህ አስመሳይ አያስመስልም» ብሎ ማመስገንንም አንደበት እሺ አይልም።

የቃሉ ተሟጋቾች ግን፣ ሲሙሌሽን የተገኘበት የላቲኑ ግስ ራሱ፣ ሥሩ «መሳይ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ያልሆኑትን ሆኖ መታየትንም ይፈታ ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ፈረንጆቹ ሁለቱን ፍች በአንድ ግስ ላይ ጭነው ኖረው አንዱን በጊዜ ብዛት ያነጹት ሌላ ቃል ስላልቀረበላቸው ነው፤ እኛ ግን ከአንዱ «መሰለ» ከሚለው ሥር ምስልን፣ ምሳሌን፣ አምሳልን፣ አምሳያን፣ ተመሳሳይን አራብተን፣ ለእያንዳንዱም የየራሱን ጎጆ ሰጥተን ስንኖር፣ ከዚያ ሁሉ ቤተ ሰብ መካከል ስሙ የጠፋውን አንዱን ልጅ መርጠን ለዚህ ሥራ የምንሾምበት ምክንያት አይታየኝም።

ቃሉ እንዳለ ይግባ፣ «ሲሙሌተር» እንበለው የሚሉም አሉ። ባዕድ ቃል ስለ ገባ ብቻ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። «ባቡር» ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ እንፋሎት ማለት የሆነው ቃል በዐረብ አፍ ተሞርዶ ወደ እኛ ሲደርስ ባቡር ሆነ። ስለዚህ «የእንፋሎት ባቡር» ስንል፣ ሥሩን ለሚያውቅ ሰው፣ እንፋሎትን ሁለት ጊዜ ጠርተነዋል፤ ጨዋታው የሚሸጥበት የአሜሪካው መደብርም «ስቲም»፣ ይኸውም እንፋሎት፣ መባሉ ሲታሰብ ሦስት ጊዜ ይሆናል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ «ሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድም ምድር ባቡርን አስለመደን። ሐዲድ ደርሶበት በማያውቀው በእኛ በምዕራብ ጎጃም እንኳ እህል የሚፈጨውን ሞተር ባቡር ሲሉ የሰማኋቸው ሽማግሌዎች አሉ። ባቡር ይህን ሁሉ ያገኘው ለአፍ ስለ ቀለለና በቤታችን የሚተካው ስላልነበረ ነው፤ ሲሙሌተር ግን ለአፍ የከበደ ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራ ቃልም በቤት አለ።

«ምናባዊ ባቡር» የሚለውን ብዙ አልከራከረውም፤ ምናብ የፈለገውን ይፈጥራልና፣ በሕግ የታሰረን ነገር አይገልጽም። ከሁሉ ይበልጥ ያባበለኝ «ምስለ ግብር» ነበር። ግብር በግእዝ ሥራ፣ ምግባር ነው፤ ስለዚህ የሥራ አምሳል ሲል ነገሩን በትክክል ይነካዋል። ነገር ግን በዚህ አገር ጆሮ ግብር የሚከፈል ነው፤ ይልቁንም በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ገበሬው እምቢ ብሎ በተነሣበት በጎጃም፣ ይህ ቃል ከነትዝታው ነው የሚሰማ፤ «ምስለ ግብር» ቢባል የሐሰት ደረሰኝ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ለጠቅላላው ስም ከዚህ ይልቅ «ምስለ ኩነት» ይሻላል፤ ኩነት በነገረ መለኮት ከባድ ቃል ቢሆንም፣ ልደትንና ጋብቻን ሞትንም የሚመዘግበው ክፍል «ወሳኝ ኩነት» ብሎ እስከ ቀበሌ ስላወረደው፣ ዛሬ ለማንም እንግዳ አይደለም።

በተለይ ሲጠራ ግን «ምስለ» ከሚመሰለው ነገር ስም ጋር ይናበብ፦ ምስለ ባቡር፣ ምስለ መርከብ እየተባለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ስለ አብራሪዎች ሥልጠና ብዙ በተነገረበት በዚያ የሐዘን ወራት፣ «ምስለ በረራ» የሚለውን ስያሜ ሰምቼ ቃሉ ቦታውን እንዳገኘ ተሰምቶኝ ነበር። «የባቡር ምስል» ያልን እንደ ሆነ ሥዕሉን ወይም ፎቶግራፉን ብቻ ማለታችን ነው፤ በግእዝ ሥርዓት ተገልብጦ፣ የመጨረሻው ፊደል ከሳድስ ወደ ግእዝ ተለውጦ ዘርፉን ሲይዝ ግን፣ ሌላ ነገርን የሚሰይም አዲስ ስም ይሆናል። ፍኖትም በዚሁ መንገድ ነው «ፍኖተ ሰላም» የሆነው፤ ይህን ስም ከአውቶቡስ ረዳት እስከ ገበያተኛው ሁሉም ያለ አስተርጓሚ ይጠራዋል።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ፣ ወደ ቡሬ በወረድሁ ጊዜ በዚያ አካባቢ ቅኔ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ ሐሳቤን ባቀርብላቸው ጭራቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከተወደደ ልጇ ጋር፣ የኔታ» አልኋቸው። «እንግዲያው እኔ ምስለ ባቡር ስትለኝ ከባቡር ጋር ነው የምሰማህ። አምሳለ ባቡር በለው፤ አምሳለ አይሳሳትም» አሉኝ።

ይህ የሊቅ ተቃውሞ ነውና ቀኑን ሙሉ አሰብሁበት። በግእዝ «ጋር» ማለት የሆነው ምስለ እና የምስል ተናባቢ የሆነው ምስለ በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ የወጡትም ከአንድ ሥር ነው። አምሳለ ባቡር የሚለው ቅን ቢሆንም፣ አምሳል ጸንቶ የተቀመጠን መልክ ያሳስበኛል፤ ልጆች ከጭቃ ሠርተው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ባቡር አምሳለ ባቡር ቢባል ይስማማዋል፤ እሳት አይበላም፣ ውኃ አይጎድልበትም። ምስለ ግን በአማርኛ ውስጥ ከዚህ ቀደም ሹመት ተቀብሎ ሠርቷል። ምስለኔን የማያስታውስ የጎጃም ሽማግሌ የለም፤ «እኔን መሳይ» ተብሎ የተላከው ያ ሹም፣ የላከውን ጌታ በመልክም በቁመትም ላይመስለው ይችላል፤ የሚመስለው በሥራው ነበር፤ እንደ እርሱ ይፈርዳል፣ እንደ እርሱ ያዝዛል፣ የፈረደውም ፍርድ ይጸናል። ኮምፒዩተሩ ለባቡሩ የሚሠራለትም ይህንኑ ነው፤ ጭስ ሳይኖረው የባቡሩን ሕግ ያስፈጽማል፤ ውኃውን የረሳ ነጂም ይቀጣበታል። ይህን ተመልሼ ለየኔታ ባጫውታቸው፣ «ምስለኔን ካመጣህብኝስ አልከራከርህም» ብለው ወደ ደቀ መዛሙርታቸው ዞሩ።

የጌም ቤቱ ባለቤትም ነገሬን በትዕግሥት አድምጦ፣ ወረቀቱ ሲታደስ እንደሚያስተካክለው ቃል ገባልኝ። ወረቀቱ እስካሁን አልታደሰም። ከልጆቹ አንዱ ግን ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴን ልጅ ሲያባብለው ሰማሁ፤ «የስልኩ ምስለ ባቡር ያስመስላል፤ ያንተን አምጣው» ይለዋል።