«ጋለሪያ» ስለሚለው ቃልና ስለ አመጣጡ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራውን ይህን 587 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ዋሻ ኢጣልያኖች በቋንቋቸው «ጋለሪያ» ይሉታል። አንድ የሚላኖ ሰው ግን ወዳጁን «ጋለሪያ እንገናኝ» ቢለው፣ በመስታወት ጣራ ሥር ግራና ቀኝ ሱቅና ቡና ቤት ወደ ተደረደረበት መተላለፊያ መቅጠሩ ነው። አንድ ቃል ለተራራ ሆድም ለገበያም ስም ሊሆን የቻለው እንዴት ነው?

ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ጋሌሪያ» ይባል ነበር። አብዛኞቹ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ምንጩን «ገሊላ» ከሚለው የአገር ስም ያደርሱታል፤ ተከታትለው የመጡት ሁለት የ«ለ» ድምፆች ለምላስ ስለሚከብዱ አንደኛው ወደ «ረ» ተለወጠ ይላሉ። በምዕራብ አውሮፓ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት መግቢያ ላይ የሚሠራው ጣራ ያለው ደጅ «ገሊላ» ይባል ነበርና። በእንግሊዝ አገር በደርሃም ካቴድራል ምዕራባዊ ጫፍ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ክፍል እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ገሊላ ከኢየሩሳሌም የራቀች፣ አሕዛብም የተቀላቀሉባት አገር ስለ ነበረች፣ ከመንበሩ የራቀው ደጅ በእርሷ ተመሰለ። መቅደስን፣ ቅድስትንና ቅኔ ማኅሌትን ለይቶ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ምሳሌ እንግዳ አይሆንበትም።

ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ቃል በቤተ መንግሥት ረጅምና የተከደነ መመላለሻ ሆነ፤ በግድግዳው ላይ ሥዕል ሲሰቀልበት የሥዕል አዳራሽ ተባለበት፤ ማዕድን ቆፋሪዎችም ወደ ጎን ለሚፈለፍሉት መንገድ ወሰዱት። በፓሪስ ከተማ በፓሌ ሮያል ግቢ በ1786 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእንጨት የተሠሩ ባለ ሱቅ ጋለሪዎች ተከፈቱ። በ1829 ገደማ ፎንቴን የተባለው አርክቴክት በብረትና በመስታወት ጣራ በተከደነ መተላለፊያ ተካቸው። ነጋዴው ዝናብ ሳይፈራ፣ ገዢው ጭቃ ሳይረግጥ የሚገናኙበት ቤት በዚህ መልክ ተስፋፋ።

ከዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው፣ በንጉሥ ዳግማዊ ቪክቶር ኢማኑኤል ስም የተሰየመው የሚላኖው ጋለሪያ ነው። ንጉሡ በ1865 የመሠረቱን ድንጋይ አኖሩ፤ በ1867 ሳያልቅ መርቀው ከፈቱት። ንድፉን ያወጣው ጁሴፔ መንጎኒ ሲሆን፣ 196 እና 105 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት መተላለፊያዎች በመስቀል ቅርጽ ተገናኝተው፣ በመገናኛቸው ላይ 47 ሜትር ከፍታ ያለው ጉልላት አርፎባቸዋል። ዋናው በሩም ወደ ካቴድራሉ አደባባይ ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሣው ቃል ተመልሶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ያውም በመስቀል ቅርጽ ቆመ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዘመን በጉልላቱ ዙሪያ ያሉትን የጋዝ መብራቶች የምትለኩሰው፣ በሐዲድ የምትዞር አንዲት ትንሽ መኪና ነበረች፤ ሕዝቡ እርሷን ለማየት ማታ ማታ ይሰበሰብ ነበር። የመስታወት ጣራው በ1943 በአየር ድብደባ ተሰባብሮ ከጦርነቱ በኋላ ታድሷል።

መንጎኒ ግን የሥራውን ፍጻሜ አላየም። በ1877 ዲሴምበር 30 ቀን፣ በካቴድራሉ በኩል የሚቆመው የድል ቅስት ሊመረቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሥራውን ሊመረምር ከወጣበት መወጣጫ ወድቆ ሞተ። ራሱን ጣለ ብለው ያወሩ ነበሩ፤ በመወጣጫ ላይ የዋለ ሰው ግን ለመውደቅ ሌላ ምክንያት ፍለጋ አይሄድም። ቅስቱ በተከታዩ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ተመረቀ።