ላንጋኖ ደርሶ መልስ

«ፓኬጅ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያስተዋወቁን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይመስሉኛል። ገበሬው ፓኬጅ ሲወስድ ዳፑም፣ ዩሪያውም፣ ዘሩም፣ ዕዳውም አንድ ላይ ነበር የሚመጣለት። ቀጥሎ የጤናው ፓኬጅ መጣ። አሁን ደግሞ ለእኛ ለከተሜዎቹ ተራው ደርሶን መዝናናትንም በፓኬጅ እንወስድ ጀመር። ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ «ሁለት ቀን፣ አንድ አዳር። የላንጋኖ ባሕር ዳርቻና አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ። መጓጓዣ፣ መኝታ፣ ምግብና የፓርክ መግቢያን ይጨምራል።» ዕዳ የሚል አላየሁበትምና ተመዘገብኩ።

ላንጋኖን «ባሕር ዳርቻ» ማለታችን ራሱ ታሪክ አለው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኛ ግን ዓባዩን አይተን ነው ወደ ምንጩ የተመለስነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ የተቀመጡት ጡረታ የተቃረቡ ባልደረባችን በወጣትነታቸው ምጽዋ ወርደው ጉርጉሱም ላይ የዋኙ ናቸው። «ያ ባሕር ነው፤ ይኼ ገንዳ ነው» እያሉ ሞጆ እስክንደርስ አሾፉብን። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን እኛ ወደብ ብቻ ሳይሆን መዋኛም አጥተናል። ለአዲስ አበባ ሰው የቀረው «ባሕር» ከከተማው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው፣ ሻይ በወተት የመሰለው ላንጋኖ ሆነ። ውኃው ቢደፈርስም ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን ሰው ሳይሰቀቅ ይገባበታል።

የቅዳሜና እሑድ ሽርሽር ራሱ በኛ አገር ዕድሜው አጭር ነው። አባቶቻችን መንገድ የሚወጡት ለንግድ፣ ለዘመቻ፣ ለሙግት፣ ለለቅሶ ወይም ለመሳለም ነበር። ውኃ ዳር ሄዶ መንጋለል የሥራ ፈት ነገር ነው። ይህን የለወጡት የደመወዝተኛው መብዛት፣ መኪናና ሆቴል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 የቱሪዝም ድርጅት ተቋቁሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለዓለም ማስተዋወቅ ጀመሩ። አቶ በቀለ ሞላም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ሆቴሎቻቸውን ሲሠሩ አንዱን ላንጋኖ ዳር አቆሙ። ለዘመናት ከብት የሚጠጣበት ውኃ የሽርሽር ቦታ ሆነ።

የፓርኩም ነገር የመጣው በዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የዩኔስኮ የባለሙያዎች ቡድን፣ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሌይ ያሉበት፣ የኢትዮጵያን የዱር ሀብት ሊመለከት መጣ። ደኑና አውሬው እያለቀ ስለሆነ ቦታ ተከልሎ ይጠበቅ የሚል ምክር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1969 አዋሽና ሰሜን በሕግ ታወጁ። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ችግሩ የተቀዳበት አብነት ነው፤ ፓርክ ማለት ሰው የሌለበት መሬት ነው የሚል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሰው የሌለበት መሬት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አዋሽ ላይ ከረዩና አፋር የከብቶቻቸውን ግጦሽ አጡ። አብያታ ሻላም በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲከለል በዙሪያው የአርሲ ኦሮሞ አርብቶ አደር ነበረበት። ፓርኩ ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት በሕግ ሳይታወጅ ቆየ። ለሰዎቹ የተከለከለ መሬት፣ ለሕጉ ደግሞ ያልተወለደ ልጅ ነበር ማለት ነው።

ቦታው የተመረጠው ለአንበሳና ለዝሆን አይደለም፤ ለወፎቹ ነው። ከ400 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቦበታል። ከፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። የሁለቱ ሐይቆች አሠራር ደግሞ ከማንኛውም አስጎብኚ ፓኬጅ የረቀቀ ነበር። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ዓሣ ግን ብዙም የለውም። አብያታ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ዓሣ ግን ነበረው። ስለዚህ ፔሊካኖቹ ጠላት በማይደርስበት የሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍላሉ፤ ለምግብ ወደ አብያታ ይበራሉ። መኝታ እዚህ፣ ምግብ እዚያ! አብያታ ራሱ ደግሞ የሚኖረው ከሌሎች በሚደርሰው ውኃ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ። ከላይ ያሉት ሲጠግቡ ለሱ ይተርፈዋል፤ ሲጠሙ እሱ ይጾማል።

ታዲያ ከላይ ያሉት ጠሙ። በደርግ ዘመን የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተጀመረና የአብያታን ውኃ እየሳበ በፀሐይ ያተን ጀመር። ሶዳ አሽ ለመስታወት፣ ለጠርሙስና ለሳሙና የሚሆን ነው። ዝዋይና መቂ ዙሪያ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ኋላም አበባው በመስኖ ተስፋፋ፤ ወደ ቡልቡላ የሚወርደውም ውኃ ቀነሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙዎቹ ፓርኮች እንደሆነው እዚህም ጥበቃው ፈረሰ፤ ሰው ገባ፣ ግራሩ ተቆረጠ። ዛሬ አብያታ ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው ስፋት ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው ተመናመነ፤ ፔሊካኑም ለምግቡ ርቆ መብረር ግድ ሆነበት።

እኛ የደረስነው ጠዋት ነው። በሩ አጠገብ ባለው አጥር ውስጥ ሰጎኖችና ሚዳቋዎች አየን፤ ፎቶ ተነሳን። ከሻላ ዳር ካለው ፍል ውኃ በቆሎ ቀቅለው ሲበሉ አገኘናቸውና እኛም ቀመስን። ከዚያ ወደ አብያታ አመራን። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። መኪናው እንዳይሰጥም ብሎ አቆመንና ነጭ ቅርፊት በለበሰ ሜዳ ላይ በእግር መራን። ብዙ ከሄድን በኋላ፦

«ጋሼ፣ ሐይቁ እኮ እዚህ ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«አባቴ ልጅ ሆኖ። አሁን የምንረግጠው ታቹን ነው።»

ሩቅ ላይ ሮዝ መስመር ይታያል፤ ፍላሚንጎዎቹ ናቸው። እነሱ ጨው የበዛበትን ውኃ ይችሉታልና አሁንም ይመጣሉ። አንዷ ባልደረባችን ተናደደች። «ሰዎቹ ከፓርኩ መውጣት አለባቸው!» አለች። ልጁ አልተቆጣም።

«እትዬ፣ አያቴ እዚህ ከብት ሲጠብቅ ፓርክ የሚባል አልነበረም። በኋላ ውጣ አሉት፣ ወጣ። ኋላ ተመለሰ። ፓርኩ ከሌለ እኔም ሥራ የለኝም፤ ቤተሰቦቼ ከወጡ ደግሞ የት ይሂዱ?»

መልስ የሰጠው የለም። እሱ በአንድ ጉሮሮው ሁለት ወገን ይዞ ይናገራል፤ እኛ ግን አንዱን መርጠን መፍረድ ለምደናል። ወፎቹን የሚወድ ሰው በሰዎቹ ላይ ይጮሃል፤ ለሰዎቹ የሚያዝን ወፎቹን የፈረንጅ ቅንጦት ያደርጋቸዋል። 60 ዓመት ያልተፈታው ነገር ይኸው ነው። የፓርኩን ትርፍ ያላየ ሰው ፓርኩን እንዲጠብቅ ጠየቅነው፤ አልጠበቀም። ከዚያ ደግሞ አጥፊው እሱ ብቻ እንደሆነ አድርገን ጻፍን።

ስንመለስ ሹፌሩ መንገድ ዳር ቆመ። ግራ ቀኙ የከሰል ረድፍ ነው። መጀመሪያ የወረደችው ያቺ ሐይቁ ዳር የተናደደችው ባልደረባችን ናት፤ ለልጇ ክርስትና ቡና ማፍያ ያስፈልጋታል። ከዚያ ጉርጉሱሙ ሽማግሌ ወረዱ። ከዚያ፣ አልዋሽም፣ እኔ ወረድኩ። ቤት «ከሰል ይዘህ ና» ተብያለሁ። መቂ ላይ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን።

ከዚያ እስከ ሞጆ ድረስ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ሒሳብ ሠራሁ። ከኋላዬ ያለው ከሰል የግራር ዛፍ ነበር። እግሬ ሥር ያለው ቲማቲም ወደ አብያታ ሊሄድ ይችል የነበረ ውኃ ጠጥቷል። ለመሆኑ አንድም ዓመት ላንጋኖ ሳንሄድ እንኳ ሐይቁን ወደ ቤታችን ስናመጣው ኖረናል። ሰፋሪው የሚቆርጠው እኛ ስለምንገዛው ነው። ስለዚህ ከፓርኩ መውጣት ያለበት ማነው ቢባል፣ መጀመሪያ የኛ የአዲስ አበባዎቹ ምድጃ ነው። ላንጋኖ ለመዋኘት የሚከፈለው ገንዘብም ለዚያ ልጅ ቤተሰብ ከከሰሉ የተሻለ እንጀራ ካላስገኘ፣ ነገም ዛፉን ይቆርጣል፤ እኛም እንገዛለን።

ቤት ስደርስ ከሰሉን አወረድኩ። የታሸገበትን ጆንያ አየሁት፤ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። በጎኑ ላይ ዩሪያ የሚለው ጽሑፍ ገና አልጠፋም። ዕዳው ከፓኬጁ አልቀረም ነበር ለካ፤ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም እንጂ።