ገዳዩ የማን ልጅ ነው?

የምወደው ደራሲ አዲስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አወጣ ሲባል ገና መጽሐፉን ሳልይዝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሙን አልጠራም። የቀድሞ ሥራዎቹን ሁለት ሦስቴ አንብቤያለሁ፤ ወደፊት የሚጽፈውንም ማንበቤ አይቀርም። ይሄኛው ግን ቅር አሰኘኝ። ለምን እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ጊዜ ወሰደብኝ። ቋንቋው እንደ ወትሮው ያምራል። እንቆቅልሹም ቢሆን ተሳክቶለታል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አልደረስኩበትም። ታዲያ ምን ጎደለው?

ታሪኩ የሚፈጸመው በደሴ መንገድ ላይ ባለች አንዲት የቆላ ከተማ ነው። ደራሲው በሌላ ስም ቢጠራትም፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሙቀቱ በመኪናው መስኮት ሲገባበት ሹራቡን ያወለቀ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሸዋ ሮቢት ናት። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ተገድሎ ይገኛል። ከአዲስ አበባ መርማሪ ይላካል። በከተማዋ ማንም የሚያውቀው ነገር የለም። መርማሪው ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ያስባል፣ ቁርጥራጭ ማስረጃ ይገጣጥማል፣ በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ የገዳዩን ስም ይነግራቸዋል። እነሱም ይደነግጣሉ።

እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። መጽሐፉ የጠፋብኝ ‹‹ማንም የሚያውቀው ነገር የለም›› የምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት ድርሰት ጀማሪ ማን ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ፓሪስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይገደላሉ፤ ዱፓን የሚባል ሰው ፖሊስ ያቃተውን ነገር በማሰብ ብቻ ይፈታዋል። በዓመቱ የለንደን ፖሊስ የመርማሪዎች ክፍል አቋቋመ። ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው የመጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ፓሪስና ለንደን ሰው ከጎኑ ያለውን ጎረቤት የማያውቅባቸው ከተሞች ሆነው ነበር። ገዳይ ሕዝቡ መሃል ገብቶ መጥፋት ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ እውነትን የሚያውቀው ገዳዩ ብቻ ስለሆነ፣ እሷን ፈልፍሎ የሚያወጣ ብልህ ሰው ያስፈልጋል።

በዚያው በ1841 በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይጓዝ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ሦስት የቡድኑ ሰዎች በተኙበት ተገደሉ። ለንደን ላይ ቢሆን ይሄ ለአንድ ልብ ወለድ ይበቃ ነበር። በበረሃው ሕግ ግን ደም የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ የጎሳ ነው። የሚጠየቀውም የገዳዩ የግል ስም ሳይሆን የእነማን ወገን እንደሆነና ወገኖቹ ይክሳሉ ወይስ አይክሱም የሚለው ነው።

ቡድኑ በረሃውን ጨርሶ የደረሰው ይፋት ነው። በአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ከሐረርና ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። በሩን የሚጠብቀው ሹም ‹‹ውላስማ›› ይባል ነበር፤ ስሙ ከ1285 እስከ 1415 እ.ኤ.አ. ይፋትን ከገዛው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የወረደ ነው። ይሄው ሹም የጎንጮ እስር ቤት ጠባቂም ነበር። ዛሬ ሸዋ ሮቢት ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ማረሚያ ቤቱ ነው፤ ግን ይፋት እስር ቤትን የለመደችው ከዚያ በፊት ነው። ጎንጮ ላይ ታስረው ከነበሩት መካከል የንጉሡ የገዛ ወንድሞች ይገኙባቸዋል። ጥፋታቸው ከንጉሥ ቤት መወለዳቸው ብቻ ነው። ለእነሱ መርማሪ ምን ይሠራላቸዋል? ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

የይፋት ቆላ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ለማያውቅ አንባቢ ዳጉን ማንሳት አለብኝ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፦ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ በየት በኩል የማይታወቅ ሰው አለፈ። ወሬው ከማን እንደተሰማ ይነገራል፤ ያልተጣራ ነገር ማቀበል ነውር ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገናኙ ከበርበሬውና ከከብቱ ጋር ይሄም ወሬ እጅ ይለዋወጣል። እንግዲህ በዚህ አገር አንድ የታወቀ የሽንኩርት ነጋዴ ሞቶ ‹‹ማንም የሚያውቀው ነገር የለም›› ይባላል? ኧረ ተዉ!

ለመሆኑ አባቶቻችን ወንጀል ሲፈጸም ምን ያደርጉ ነበር? ሁለት መንገድ ላንሳ።

አንደኛው ሌባሻይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሸዋ ውስጥ የተለመደ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻዩ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ መድኃኒት የተጨመረበት ወተት ይጠጣል፣ ትንባሆ ያጨሳል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ እየተያዘ በየሰፈሩ ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ልጁ ለምን እዚያ እንደወደቀ የሚጠይቅ የለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ቀስ በቀስ እየተከለከለ ቀረ፤ ሰው ግን አልረሳውም።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻ ይቆማል፣ ቀኑ ይረዝማል። ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ያስምላሉ። እዚህ ላይ ነው ‹‹ወፍ›› የምትመጣው። ያየ ሰው በአደባባይ ቆሞ እገሌ ነው ቢል ነገ ደም ይፈላለጋል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ በድብቅ ይነግራል፤ እነሱም የሰሙትን የወፍ ቃል አድርገው ያቀርቡታል። ስም የለውም፣ ዘር የለውም፣ የሚበቀሉት ሰው አይደለም። ጥፋተኛው ካልተገኘ ደግሞ የተጎዳውን ሰው ኪሳራ አገሬው ተካፍሎ ይሸፍናል።

አውጫጭኝን ማስዋብ አልፈልግም። ንጹሑም አብሮ ይራባል፤ ቂም ያለው ሰው ወፍ ሆኖ ጠላቱን ሊያስይዝ ይችላል። ሆኖም ከሥር ያለው ሐሳብ ልብ ሊባል ይገባዋል። አውጫጭኝ የሚነሣው እውነቱ ሕዝቡ መሃል አለ ከሚል እምነት ነው። ችግሩ አለማወቅ አይደለም። ችግሩ መናገር የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ሥርዓቱ በሙሉ የተሠራው አንድ ሰው ያንን ዋጋ ሳይከፍል እንዲናገር ነው።

ይሄን ካሰብኩ በኋላ የደራሲዬ መርማሪ ማን እንደሆነ ገባኝ። ኮት የለበሰ ሌባሻይ ነው። ከውጭ ይመጣል፣ ሕዝቡን ምንም አይጠይቅም፣ በሚስጥራዊ ችሎታው እየተመራ ሄዶ አንድ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። እኛም ዝም ብለን እንድናምነው ይጠበቅብናል።

ታሪኩን አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ማንጎ ጥላ ሥር ለተቀመጡ አንድ አዛውንት ነግሬያቸው ነበር። በሥነ ሥርዓት አዳመጡኝ። ስጨርስ፦

‹‹ልጄ፣ ገዳዩ የማን ልጅ ነው አልከኝ?›› አሉኝ።

‹‹አባቴ፣ መጽሐፉ እሱን አይናገርም።››

‹‹እሺ፣ የሟች ወንድሞችስ? ሽማግሌ ገባ?››

‹‹ፖሊስ ያዘው፣ አለቀ።››

‹‹ምኑ አለቀ?›› አሉ። ‹‹ገና መጀመሩ ነው እንጂ።››

ምንም መልስ አልነበረኝም። በወሎና በይፋት ቆላ ዛሬም አበጋሮች አሉ፤ ደም የተቃቡ ወገኖችን በዱዓ፣ በመሐላና በካሣ የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ለእነሱ የገዳዩ ማንነት የሥራው መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ቤተሰብ፣ የሁለት መንደር፣ አንዳንዴም የሁለት ሃይማኖትና የሁለት ቋንቋ ጉዳይ ነው። ልብ ወለዱ የሚዘጋበት ገጽ ላይ ነው የእሳቸው ታሪክ የሚከፈተው።

የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ የምወድበት ምክንያት ከሙያዬ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ሶፍትዌር ስንሠራ የተበላሸውን ነገር የምናድነው አንድ በአንድ እያጣራን ነው፤ በመጨረሻ ጥፋተኛዋ አንዲት መስመር ሆና ትገኛለች፣ ትስተካከላለች፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያ ደስታ እውነተኛ ነው። ግን ኮድ ዘመድ የለውም። ያስተካከልኳት መስመር ወንድም ኖሯት ማታ መንገድ ላይ አይጠብቀኝም።

የእኛ ደራሲዎች ይሄን አያውቁም ማለት አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ከጻፋቸው ልብ ወለዶች አንዱ ርዕሱ ራሱ ‹‹አፈርሳታ›› ነው፤ የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፣ አገሬው ለምርመራ ይሰበሰባል። የሸርሎክ ሆምስን ቦታ የያዘው መንደሩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ከወጣው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በኋላ ሁለተኛውን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1974 ዓ.ም. ነው። ሌላ ሰብለ ወንጌልን ሲጠብቅ ለኖረ አንባቢ የመጣለት ‹‹ወንጀለኛው ዳኛ›› ነበር። የመጀመሪያውን የሚያህል ፍቅር አላገኘም። ርዕሱን ግን እዩት። ወንጀለኛው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ገና ሽፋኑ ላይ ነግሮናል። ጥያቄው እሱ ዳኛ ከሆነ አቤት የሚባለው ለማን ነው የሚል ነው።

ከሁሉ የከበደው የበዓሉ ግርማ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ‹‹ኦሮማይ›› እንደ ስለላ ልብ ወለድ ያስሮጣል፤ አስመራ፣ ሰላይ፣ ፍቅር፣ ክህደት። ከሦስት ዓመት በፊት ‹‹የቀይ ኮከብ ጥሪ››ን የጻፈላቸው ደራሲ ነበርና፣ በአዲሱ መጽሐፉ ክፉኛ ቅር የተሰኙት አንባቢዎች ሥልጣን ላይ ያሉት ሆኑ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ በሉ፣ በዓሉ ማንም የማያውቀውን ሚስጥር ፈልፍሎ አላወጣም። ብዙ ሰው በጓዳ የሚያወራውን ነው በስሙ የጻፈው። ያለ ወፍ ተናገረ፤ ዋጋውንም ብቻውን ከፈለ።

ይሄ ሁሉ ለእኛ አካባቢ የድሮ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት ብዙም የማትርቀው አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚያው ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ‹‹ማን አደረገው?›› የሚለው ጥያቄ ዛሬ ይፋት ውስጥ የመዝናኛ ጥያቄ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው፣ አንዳንዴም በዓይኑ ያየው ሰው አለ። በሳምንቱ ገበያ ላይ ያገኘዋል፤ ሽንኩርት ይሸጥለታል ወይም ማሾ ይገዛዋል። ስሙን ቢጠራ ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ ባይጠራም ምን እንደሚያንገበግበው ያውቃል። ደራሲዬ ይሄን ከተማ መርጦ፣ ሕዝቡን ምንም እንደማያውቅ አድርጎ አስቀመጠው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ዝምታውን አለማወቅ አድርጎ አነበበው።

ይፋትን ከነንግግሯ የሰማት ደራሲ ግን ነበረን። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው ‹‹አደፍርስ›› የሚፈጸመውም በዚያው በትውልድ አካባቢው ነው። በዚያው ዓመት የበዓሉ ‹‹ከአድማስ ባሻገር››ም ወጥቶ ነበር። አንዱ ቶሎ ተወደደ፣ ሌላው አንባቢውን አስቸገረ። ‹‹አደፍርስ›› ላይ ሰዎች ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ ያቋርጣሉ፤ ታሪኩ የታለ ያሰኛል። ብዙ አንባቢ ቅር ተሰኝቶ አስቀመጠው። ዛሬ ግን ደጋግመው የሚመለሱበት ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። አሁን ሳነበው ንግግሩ ትርፍ አይመስለኝም። ባላገሩ፣ እመቤቷ፣ ቄሱ፣ ተማሪው አንዱ ሌላውን ሲያዳምጥ፣ አንድ ቃል ሲያስቀር፣ ሌላውን በምሳሌ ሲሸፍን እሰማለሁ። አንድ ሰው እዚያ መሃል ቢሞት ገዳዩን ለማወቅ ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ ማን የቱ ላይ ዝም እንዳለ መስማት ይበቃል።

የይፋትን የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከመጣ፣ ደራሲዬም ሊሆን ይችላል፣ የገዳዩን ስም በመጀመሪያው ገጽ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ከተማው በሙሉ ያውቀዋልና እኔም ልወቀው። ከዚያ ሟች ቤት ለቅሶ ላይ የተቀመጠችውን፣ ያየችውን አይታ ቡና የምታፈላውን ጎረቤት ያሳየኝ። ትናገራለች ወይስ አትናገርም? ለማን? ብትናገር ማን አጠገቧ ይቆማል? ይሄንን እስከ መጨረሻው ገጽ ቢያቆየው፣ እንቅልፍ አጥቼ አነበዋለሁ።